24 ጨዋታ፣ 14 ድል፣ 0 ነጥብ፦ የሜልቦርን ስቶርም የ2010 የውድድር ዘመን

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ነው። የ12 ዓመት ልጄ የስቶርም ራግቢ ቡድን ደጋፊ ሆኖ እኔንም እየጎተተ ስታዲየም ይወስደኛል። ሰሞኑን የድሮ የደረጃ ሰንጠረዦችን ሲያገላብጥ በ2010 ቡድኑ 24 ተጫውቶ፣ 14 አሸንፎ፣ 10 ተሸንፎ፣ በ0 ነጥብ መጨረሻ ላይ መቀመጡን አየና ‹አባዬ፣ ይሄ የጽሑፍ ስሕተት ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። የጠየቅኳቸው ሰዎች ‹በደመወዝ ጣሪያ ተቀጥተው ነው› ከማለት አላለፉም። ነጥብ የማያገኙ ከሆነ ለምን ተጫወቱ? ቅጣቱስ ፍትሐዊ ነበር? በአገር ቤት እግር ኳስም ስለ ተጫዋቾች ክፍያ ጣሪያ ሲወራ ስለምሰማ ነገሩን ከሥሩ መረዳት እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ ያየው ሰንጠረዥ ስሕተት የለበትም። እኔ የስፖርት ክለቦችን ሂሳብ በመመርመር ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ በሙያችን ይህን ያህል የሚጠቀስ የውድድር ዘመን ብዙ የለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

በቅድሚያ ስፖርቱን በሁለት ቃል ለይተን እንለፍ። ስቶርም የሚጫወተው ራግቢ ሊግ ነው፤ በአንድ ወገን 13 ተጫዋች ይሰለፋል፣ ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ እስኪጣል ድረስ ይገፋል፣ ከዚያ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ጎረቤቶችዎ በየቅዳሜው የሚያወሩለት የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሌላ ጨዋታ ነው፤ ሜልቦርንም የዚያ ጨዋታ ከተማ ናት። ስቶርም በ1998 ወደ ብሔራዊው ራግቢ ሊግ፣ ማለትም ወደ ኤን አር ኤል፣ ሲገባ እንግዳ ሆኖ ነው የገባው፤ በሁለተኛ ዓመቱ ግን ሲድኒ ላይ 107,999 ሰው በተገኘበት የፍጻሜ ጨዋታ ሴንት ጆርጅ ኢላዋራን 20 ለ 18 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

የጥያቄዎ ሥር ያለው ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ውስጥ ነው። አሠልጣኙ ክሬግ ቤላሚ በ2003 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ክለቡ በከፍተኛ ዋጋ የታወቁ ተጫዋቾችን ከመግዛት ይልቅ ገና ስማቸው ያልተሰማ ወጣቶችን በብሪዝቤን በሚገኘው ተባባሪ ክለቡ በኖርዝስ ዴቭልስ በኩል እያሳለፈ ማሳደግን መረጠ። ካሜሮን ስሚዝ፣ ቢሊ ስሌተር፣ ኩፐር ክሮንክና ግሬግ ኢንግሊስ በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። አራቱም አብረው አደጉ፤ አብረው የአገሪቱ ምርጦች ሆኑ፤ ዋጋቸውም አብሮ ሰማይ ነካ። አንድን ኮከብ ተጫዋች በደመወዝ ጣሪያ ሥር ማቆየት ይቻላል፣ ሁለትም በዘዴ ይቻላል፤ አራት ኮከቦችን ከእነ አጃቢዎቻቸው ማቆየት ግን ከሂሳብ ጋር መጣላት ነው። ስቶርም በ2006፣ በ2007፣ በ2008 እና በ2009 በተከታታይ ለፍጻሜ ሲደርስና ሁለቱን ሲያሸንፍ በርካታ ተቀናቃኞች «ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት አደረጉት?» ብለው ጠይቀው ነበር። መልሱ የመጣው በኤፕሪል 22 ቀን 2010፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 14 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው።

የደመወዝ ጣሪያ በዚያ ስፖርት ከ1990 ጀምሮ ያለ ደንብ ነው። በ2010 አንድ ክለብ ለዋናዎቹ 25 ተጫዋቾቹ በዓመት በድምሩ 4.1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቀድለት ነበር። ዓላማው ሁለት ነው፤ ሀብታም ክለብ ተጫዋች ሁሉ ሰብስቦ ውድድሩን እንዳይገድለው፣ ድሃ ክለብም ከእርሱ ጋር እፎካከራለሁ ሲል ዕዳ ውስጥ እንዳይሰምጥ። እያንዳንዱ ውል ለሊጉ ኦዲተር ይቀርባል፤ ከውጭ ድርጅት ለተጫዋቹ የሚከፈል የማስታወቂያ ገንዘብ ቢኖር እንኳ ክለቡ ያመቻቸው ወይም ዋስ የሆነለት ከሆነ በጣሪያው ውስጥ ይቆጠራል።

በስቶርም የተገኘው ግን ሁለት ዓይነት የውል መዝገብ ነበር። አንደኛው ለሊጉ የሚቀርበው ነው፤ ሁለተኛው ተጫዋቹ በተጨማሪ የሚያገኘውን ገንዘብ የሚገልጹ የጎን ደብዳቤዎች የተቀመጡበትና ለኦዲተሩ የማይታይ ፋይል ነው። ነገሩን በምሳሌ ለማሳየት ያህል፣ አንድ ተጫዋች በተመዘገበው ውሉ 300 ሺህ ዶላር ተጽፎለት፣ በጎን ደብዳቤው ደግሞ ሌላ 100 ሺህ ቃል ቢገባለት፣ ሊጉ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህ በስድስት ወይም በሰባት ሰዎች ላይ ሲደጋገም ክለቡ ለአንድ ወይም ለሁለት ተጨማሪ ኮከቦች የሚሆን ቦታ ከባዶ ፈጠረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከገዛ ልምዴ አንድ ነገር ብጨምር አይከፋም። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የአንድ ክለብ ሂሳብ ስመረምር የተጫዋቾቹ የውል ፋይል እንከን አልነበረውም፤ ገጹ ሁሉ ተፈርሟል፣ ማኅተሙም በቦታው ነው። ያጠራጠረኝ የማስታወቂያ ክፍሉ ወጪ ነበር። ለአንድ የቤት ዕቃ መደብር በየሦስት ወሩ እኩል ገንዘብ ይከፈላል፤ በክለቡ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ግን አዲስ ወንበር እንኳ አይታይም። የዕቃ ማስረከቢያውን ሰነድ ሳስመጣ የተጻፈበት አድራሻ የአንድ አጥቂ መኖሪያ ቤት ሆኖ ተገኘ። የተደበቀ ደመወዝ በደመወዝ መዝገብ ውስጥ አይገኝም፤ ለዚህም ነው የሊጉ ኦዲተሮች ለዓመታት ንጹሕ ወረቀት ሲያዩ የቆዩት።

የኤን አር ኤል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ጋሎፕ በዚያች ቀን ያስታወቁት ትርፍ ክፍያ በአምስት ዓመት ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ የዴሎይት የሂሳብ ባለሙያዎች ሰነዱን አጣርተው ሐምሌ ላይ ሲጨርሱ አኃዙ ወደ 3.17 ሚሊዮን አደገ። ቅጣቱ ግን በመጀመሪያው ቀን ተወስኗል። የ2007 እና የ2009 ሻምፒዮናዎች ተሰረዙ፤ በ2006፣ በ2007 እና በ2008 በመደበኛው ውድድር አንደኛ በመውጣት የተገኙት ክብሮችም አብረው ሄዱ። በዚያው ዓመት በየካቲት እንግሊዝ ውስጥ ሊድስ ራይኖስን 18 ለ 10 በማሸነፍ የተገኘው የዓለም የክለቦች ዋንጫም እንዲሁ ተነጠቀ። ገንዘቡ በጠቅላላ 1.689 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ 500 ሺው ቅጣት፣ 1.1 ሚሊዮኑ ተመልሶ ለቀሩት 15 ክለቦች እኩል የተከፋፈለ የሽልማት ገንዘብ፣ 89 ሺው ደግሞ ለሊድስ የተላለፈ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ክለቡ በዚያ ዓመት እስከዚያ ቀን ያገኛቸው 8 ነጥቦች ተሰርዘው ቀሪውን የውድድር ዘመን ያለ ምንም ነጥብ እንዲጫወት ተወሰነበት።

አብዛኛው ሰው ይህን የመጨረሻውን ውሳኔ «የነጥብ ቅነሳ» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ልዩነቱ መሠረታዊ ነው እላለሁ። በ2002 ካንተርበሪ ቡልዶግስ በተመሳሳይ ጥፋት ሲያዝ 17 ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ሰንጠረዡን ይመራ ነበር፤ 37 ነጥብ ተቀንሶበት ወደ መጨረሻ ወረደ፤ የቀሩትን ጨዋታዎች ግን በነጥብ ነው የተጫወተው። ኒውዚላንድ ዋሪየርስም በ2006 የውድድር ዘመኑን ከዜሮ በታች 4 ነጥብ ይዞ ጀምሮ ያሸነፈው ሁሉ ተቆጥሮለታል። የነጥብ ቅነሳ ትናንት ስለተሠራ ጥፋት የሚከፈል ዕዳ ነው። የስቶርም ጉዳይ ደግሞ ጥፋቱ ገና አላለቀም ነበር፤ በሜዳ ላይ የሚሰለፈው ቡድን ራሱ በ2010 ጣሪያ በብዙ መቶ ሺህ ዶላር ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ዛሬ ነጥብ ቀንሰህ በሳምንቱ ያንኑ ቡድን ብታሰልፈውና ቢያሸንፍ፣ ያገኘው ነጥብ እንደ ቀድሞው ሁሉ ባልተገባ መንገድ የተገኘ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ዜሮ እንግዲህ ከቁጣ የመጣ ብቻ ሳይሆን ቡድኑ ሕጋዊ እስካልሆነ ድረስ ድሉ ሊቆጠር አይችልም ከሚል አካሄድ የወጣ ነው።

«ታዲያ ለምን ተጫወቱ?» ላሉት፣ ስቶርም ከውድድሩ ቢወጣ ጉዳቱ ከእርሱ ይልቅ በሌሎቹ ላይ ይብስ ነበር። ከወቅቱ መጀመሪያ የወጣው የ26 ዙር መርሐ ግብር ይፈርሳል፤ በአብዛኞቹ ሳምንታት ስምንት ጨዋታ ለማስተላለፍ የከፈሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሰባት ብቻ ያገኛሉ፤ የየክለቡ የሜዳ ገቢ ይጎድላል። ተጫዋቾቹም ውል ያላቸው ሠራተኞች ናቸው፤ ከመካከላቸው በግሉ የታገደ አልነበረም፤ ለክፍለ ግዛትና ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጡትም በክለባቸው ባሳዩት ብቃት ነው። በዚያው ዓመት በሁለቱ ክፍለ ግዛቶች ዓመታዊ ግጥሚያ ኩዊንስላንድ ኒው ሳውዝ ዌልስን በሦስቱም ጨዋታዎች ሲያሸንፍ ስሚዝ፣ ስሌተርና ኢንግሊስ እዚያ ነበሩ፤ የተከታታይ ጨዋታዎቹ ምርጥ ተብሎ የተሸለመውም ስሌተር ነው።

ውሳኔው ይፋ ከሆነ ሦስት ቀን እንኳ አልሞላም፣ ቡድኑ ለአንዛክ ቀን፣ ማለትም ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ የጦር ሠራዊት መታሰቢያ ዕለት፣ ጨዋታ ወደ ዶክላንድስ ስታዲየም ወጣ። ተጋጣሚው ዋሪየርስ ነበር። በዚያች ከተማ ራግቢ ሊግ ምን ያህል ሰው እንደሚስብ ለሚያውቅ ሰው ከ23 ሺህ በላይ ተመልካች መግባቱ ራሱ ዜና ነው፤ ሐሙስ ዕለት አጭበርባሪ የተባለውን ቡድን እሑድ ለማየት የመጣ ሕዝብ ነበር። ስቶርም 40 ለ 6 አሸነፈ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሉት ዓይነት ድል ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ 0 የነበረው ከጨዋታው በኋላም 0 ነው።

ያ ስሜት ዓመቱን ሙሉ ሊዘልቅ አልቻለም። ከቅጣቱ በፊት በነበሩት ስድስት ጨዋታዎች አራት ያሸነፈው ቡድን ከዚያ በኋላ ባደረጋቸው 18 ጨዋታዎች 10 አሸንፎ በ8 ተሸነፈ። በግንቦት ወር አዲሱ የኤሚ ፓርክ ስታዲየም ተከፍቶ ክለቡ ከአሮጌው ኦሊምፒክ ፓርክ ሲዛወር የመጀመሪያውን ጨዋታ በብሪዝቤን ክለብ ተሸንፎ ጀመረ። ለዓመታት የተጠበቀው ቤት ሲመረቅ ባለቤቱ የእስር ፍርድ ላይ እንደ መሆን ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ ልመልስዎ፤ ሊጉን በጥንቃቄ የሚከታተሉ ሰዎች እንኳ ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ነገር እዚያ አለ። በኤን አር ኤል ድል 2 ነጥብ ያስገኛል፤ በአንድ ዙር ጨዋታ ሳይኖረው ለሚያርፍ ቡድንም 2 ነጥብ ይሰጠዋል። ስቶርም 14 ጊዜ ሲያሸንፍ አሸናፊው ምንም አላገኘም፤ ተሸናፊውም ምንም አልተሰጠውም። ስለዚህ 28 ነጥብ ከውድድሩ ውስጥ ተነነ። በስቶርም የተሸነፈ ክለብ ያጣውን ነጥብ ማንም አልመለሰለትም፤ ስቶርምን ያሸነፈ ደግሞ 2 ነጥቡን ሙሉ በሙሉ ወሰደ። በዚያ ዓመት ስምንት ክለቦች ወደሚያልፉበት የፍጻሜ ማጣሪያ ስምንተኛው ማንሊ በ28 ነጥብ ነው ያለፈው፤ በእንዲህ ያለ ጠባብ ፉክክር ስቶርምን መቼና በምን ሁኔታ ላይ አገኘኸው የሚለው ጥያቄ ትንሽ አይደለም። ከቅጣቱ ማግስት በቁጭት ተነሥቶ የመጣውን ስቶርም የገጠመው ዋሪየርስና ነሐሴ ላይ ተስፋ የቆረጠውን የገጠመ ክለብ አንድ ቡድን አልገጠሙም።

ሌላም አለ። ሲድኒ ሩስተርስ በዚያ ዓመት ልክ እንደ ስቶርም 14 አሸንፎ በ10 ተሸነፈ። በ32 ነጥብ፣ ማለትም 28ቱን ከድል፣ 4ቱን ካረፈባቸው ሁለት ዙሮች አግኝቶ፣ ስድስተኛ ሆኖ አልፎ እስከ ፍጻሜው ደረሰና በሴንት ጆርጅ ኢላዋራ 32 ለ 8 ተሸነፈ። ተመሳሳይ የድልና የሽንፈት ቁጥር ያላቸው ሁለት ክለቦች አንዱ በፍጻሜው ሜዳ ላይ ቆመ፣ ሌላው በዚያ አገር ለመጨረሻ ወጪ የሚሰጠውን የመሳለቂያ ስም፣ «የእንጨት ማንኪያ»ን፣ ተሸከመ። ልጅዎ ነገሩን እንዲያይ ከፈለጉ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ያሳዩት።

ፍትሐዊነቱን በተመለከተ የእኔ አስተያየት የተከፈለ ነው። የዋንጫዎቹ መነጠቅ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አንዳንዶች «ያኔም ቢሆን በሜዳ ላይ አሸንፈዋል» ይላሉ፣ ነገር ግን ጣሪያውን አክብረው ጥሩ ተጫዋቾቻቸውን በግድ የለቀቁ ክለቦች በሜዳ ላይ የተሸነፉት ምናልባት ለዚሁ ሐቀኝነታቸው ሲሉ ነው። የዜሮ ነጥቡ ውሳኔም ከላይ እንዳልኩት ምክንያታዊ መሠረት አለው። የምከራከረው በሩ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ ላይ ነው። ተጫዋቾች በዓመቱ መካከል ክለብ መቀየር የሚችሉበት ቀነ ገደብ ጁን 30 ነበር፤ ከኤፕሪል 22 እስከዚያ ከሁለት ወር በላይ ጊዜ አለ። «ሦስት ወይም አራት ተጫዋች ልቀቁ፣ ከጣሪያው በታች ስትወርዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጥብ ይቆጠርላችኋል» ቢባል ኖሮ ክለቡ የሚያም ምርጫ ይኖረው ነበር፤ ደጋፊውም ቢያንስ የሚጠብቀው ነገር ያገኝ ነበር። ሊጉ ራሱ ከስድስት ዓመት በኋላ ወደዚህ አሠራር መጣ፤ በ2016 ፓራማታ ሲያዝ 12 ነጥብ ተቀንሶበት፣ 1 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶ፣ ከጣሪያው በታች መውረዱን ሲያረጋግጥ ነጥብ እንዲቆጠርለት ተደረገ። በሌላ ወገን የሚቀርበውን ክርክርም ልጥቀስ፤ ለአምስት ዓመት ሁለት መዝገብ የያዘ ክለብ በሁለት ወር ውስጥ «አሁን ሕጋዊ ነኝ» ሲል ማን ያምነዋል? ዴሎይት ሐምሌ ላይ ያገኘው አኃዝ ከመጀመሪያው እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አለመቅረቱን ሳስብ ይህ ክርክር ክብደት እንዳለው እቀበላለሁ።

ያኔ ነገሩን ያወሳሰበው ሌላው ጉዳይ የባለቤትነቱ ነው። የያኔው የስቶርም ባለቤት ኒውስ ሊሚትድ የሚባለው የሚዲያ ኩባንያ ሲሆን፣ ይኸው ኩባንያ በዚያን ጊዜ የሊጉም የግማሽ ባለቤት ነበር። ስለዚህ ባለቤቱ በራሱ ክለብ ላይ የወደቀውን ቅጣት ሳይከራከር ሲቀበል፣ የክለቡ ነጻ የቦርድ አባላት ግን ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ሐምሌ ላይ ከቦርዱ ተነሡ። በኦዲተር ዓይን ሲታይ ዳኛውና የቡድኑ ባለቤት አንድ ቤት ሲያድሩ ቅጣቱ ቢለሰልስ «ተመሳጥረው ነው»፣ ቢበረታ «ንጽሕናቸውን ለማሳየት ነው» መባሉ አይቀርም።

ዋናው ሂሳብ የተከፈለው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ለ2011 ከጣሪያው በታች ለመውረድ ኢንግሊስ ወደ ሳውዝ ሲድኒ፣ ብሬት ዋይት ወደ ካንቤራ፣ ኤይደን ቶልማን ወደ ካንተርበሪ፣ ራያን ሆፍማንና ጄፍ ሊማ ወደ እንግሊዙ ዊጋን ሄዱ። ከአራቱ ሦስቱ፣ ማለትም ስሚዝ፣ ስሌተርና ክሮንክ፣ ቀሩ። ብዙ ሰው ክለቡ ይፈርሳል ብሎ ሲጠብቅ በ2011 በመደበኛው ውድድር አንደኛ ወጣ፤ በ2012 ደግሞ ካንተርበሪን 14 ለ 4 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በኦዲተር ልማድ ስለዚህ ጉዳይ ከልክ በላይ መደነቅ አይገባኝም ነበር፤ ግን የሕጋዊው ቡድን ዋንጫ የቀደሙትን ሁለቱን ይበልጥ አሳዛኝ እንደሚያደርጋቸው ሳልናገር አላልፍም። ያን ሁሉ ትርፍ ገንዘብ ሳይከፍሉም ማሸነፍ ይችሉ ነበር ማለት ነውና።

ልጅዎ «ቡድናችን ስንት ዋንጫ አለው?» ብሎ የደጋፊዎችን ቁጥር ከሊጉ ቁጥር ጋር ቢያምታታ፣ በመዝገብ ያሉት የ1999፣ የ2012፣ የ2017 እና የ2020 ናቸው። በ2007 ማንሊን 34 ለ 8፣ በ2009 ፓራማታን 23 ለ 16 ያሸነፉባቸው ጨዋታዎች ውጤት አልተለወጠም፤ በፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብለው ኢንግሊስና ስሌተር የወሰዱት ሜዳሊያም አልተነጠቀም። ዋንጫውን ግን ለተሸናፊዎቹም አልሰጧቸውም። በሻምፒዮኖች ዝርዝር ላይ በእነዚያ ሁለት ዓመታት አንጻር የማንም ክለብ ስም የለም።